አራት ጎማ እስኪሞላ

ዕቃ የመለሰብኝ ሰው ቁጥር የለውም። እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት የመኪና መለዋወጫ ስሸጥ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንዱ «ተሰበረ» ብሎ ይመጣል፣ አንዱ «አልገጠመም» ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሚስቱ ተቆጥታው ይመልሳል። «ፈጠነብኝ» ብለው የመለሱብኝ ግን ጋሽ ይሄይስ ብቻ ናቸው።

የመለሱት የጎማ ንፋስ መሙያ ማሽን ነው፤ ሹፌሮቹ ኮምፕሬሰር የሚሉት። ከነካርቶኑ ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡት፣ ኮፍያቸውን አወለቁና «አድማሴ፣ ይሄ ነገር ፈጠነብኝ። ዘገምተኛ ካለህ ቀይርልኝ» አሉኝ። እኔ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ፤ የሸጥኩላቸው ደግሞ ሱቄ ውስጥ ካለው ሁሉ የምኮራበትን ማሽን ነበር። «ጋሽ ይሄይስ፣ እየቀለዱብኝ ነው?» አልኩ። አልቀለዱም። ቀልድ የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ወይም ያኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ጋሽ ይሄይስን እንጅባራ ላይ የማያያቸው የለም፤ የሚያውቃቸው ግን የለም ማለት ይቀላል። ስድሳ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ከደጀን አካባቢ ለአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት ሹፌር ሆነው መጡ፤ ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ሰዎቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፣ እሳቸው ቀሩ። ለምን ቀሩ ሲባሉ «መኪናዋ እዚህ ስለሆነች» ይላሉ። መኪናዋ የፕሮጀክቱ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት፤ በጨረታ ስትሸጥ እሳቸው ወሰዷት። ሚስታቸው ከሞቱ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነ። አንዲት ልጃቸው ሜላት አዲስ አበባ ባል አግብታ ትኖራለች፤ ኔትወርክ ሲገኝ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ እሳቸውም «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ይሉና ስልኩ ይዘጋል።

የሚኖሩት ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው፣ የሚበሉት ምግብ ቤት። ባለ አራት ወንበር ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሳለ ሰው ይመጣና «ወንበሩ ሰው አለው?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። «የለውም» ይላሉ። ሰውየው ወንበሩን አንሥቶ ወደ ጓደኞቹ ጠረጴዛ ይወስደዋል። ይህን በዓይኔ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አብሬያቸው አልተቀመጥኩም።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ወደ ገበያ ይነዳሉ። ከዘንገና ሐይቅ አለፍ ብሎ ከአስፓልቱ ተገንጥሎ ወደ አንድ የገጠር ገበያ የሚገባ መንገድ አለ፤ መንገድ ከተባለ። መሐሉ ላይ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ማጥ ተኝቷል። ተሳፋሪው ማጡ አፍ ላይ ሲደርስ ወርዶ የእግር አቋራጩን ይይዛል፤ ጋሽ ይሄይስ የነጋዴውን ጨውና ሳሙና እንደጫኑ ብቻቸውን ይገቡበታል። ከመግባታቸው በፊት አራቱንም ጎማ ያስተነፍሳሉ። የለሰለሰ ጎማ ጭቃ ላይ ተንጣሎ ይሄዳል፣ አይሰምጥም። ከማጡ ወዲያ እስከ ገበያው ያለው ግን ስለታም ድንጋይ ነው፤ ጎማው እንደለሰለሰ ከተነዳ ይቀደዳል። ስለዚህ ማዶ ሲወጡ ቆሞ እንደገና መሙላት ግድ ነው። ሲመለሱ መኪናዋ ባዶ ስለምትሆን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አራቱን ጎማ በእጅ ፓምፕ ነው የሞሉት። አንዱ ጎማ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ አራቱ ከሃምሳ ደቂቃ አያንስም። ባለፈው ሚያዝያ ግን ወገባቸው እምቢ አለ። የመረመራቸው የጤና ባለሙያ «ከእንግዲህ ፓምፕ በቃዎት» አላቸው። ወደ እኔ የመጡት በዚህ ምክንያት ነበር።

ሦስት ዓይነት ማሽን ነበረኝ፤ ሦስቱንም ፊታቸው ደረደርኩ። የመጀመሪያው ትንሽ ነው፤ ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል። «ይሄ ለከተማ የቤት መኪና ነው» አልኳቸው። «የእርስዎን ጎማ ልሙላ ካለ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ እስኪበርድ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። ስንት ሰው መልሶብኛል።» ሁለተኛው የራሱ ባትሪ ያለው ነው፤ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ የሰነበተ ዕለት ግን እሱን መያዝና ድንጋይ መያዝ አንድ ነው። ሦስተኛው ባለ ሁለት ፒስተን ነው፤ ከመኪናው ባትሪ ላይ በቀይና በጥቁር መቆንጠጫ ይያዛል፣ ጎማው ላይ የሚሰካው ቱቦ እስከ ኋላ ይደርሳል፣ የንፋስ መለኪያው ጌጅ አይዋሽም፣ ሲያነሡት እጅ ይሞላል። «ሞተሩን ብቻ አያጥፉ እንጂ፣ አራቱንም ጎማ በአሥር ደቂቃ ውጥር አድርጎ ይሞላልዎታል» አልኩ።

«በአሥር ደቂቃ?» አሉ።

«ቢበዛ በአሥራ ሁለት።»

ትንሹን ማሽን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ይሄኛውስ ስንት ይፈጃል?» አሉኝ።

«እሱን ይርሱት፣ ጋሼ።»

«ድምፁስ? የትልቁ ድምፅ፣ ለምሳሌ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ቤት ውስጥ ላለ ሰው ይሰማል?»

ሰው እንዳይረብሹ የፈሩ መሰለኝ። «ኧረ በፍጹም! ድምፁ ዝቅ ያለ ነው» አልኩ በኩራት። ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም፤ እኔ ግን ማሽኑን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀምሬ ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

ከሦስት ሐሙስ በኋላ ነው እንግዲህ «ፈጠነብኝ» ብለው የተመለሱት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለጎማ አይደለም» ብዬ አፌዝኩባቸው። ምክንያቱን ብጠይቅ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ። አጠቃቀሙን አላወቁበትም ብዬ ደመደምኩ። «የፊታችን ሐሙስ አብሬዎት ሄጄ በእጄ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። «ተወው፣ አያስፈልግም» አሉ። ክብሬ ስለተነካ ሄድኩ።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት ጉም ነበር። ማጡ ጋ ተሳፋሪው ወረደ፣ ጎማውን አስተነፈስን፣ ገባን። መኪናዋ እያቃሰተች ማዶ ወጣች። እዚያ፣ ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ በቀርከሃ የታጠረ አንድ ቤት ብቻ ይታያል፤ ከጀርባው የዲከረንስ ዛፍ፣ ከፊቱ የድንች ማሳ። ጋሽ ይሄይስ መኪናዋን ከአጥሩ ትይዩ አቆሙ። መንገዱ ዳር ሁለት የእንጨት ዱካ ጎን ለጎን ተቀምጧል። መንገድ ዳር መቀመጫ የሚያኖር ማን ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ አልጠየቅኩም።

ማሽኑን ከባትሪው ጋር እያያያዝኩ ሳለ አንዲት ሴት ከቤቱ ወጣች። ማናለብሽ ትባላለች፤ ሃምሳን የተጠጋች ናት፣ ከእኔ አምስት ስድስት ዓመት ብትበልጥ ነው። የአገሩ ተወላጅ ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ዳንግላ ይኖራሉ። የምትከተላትን ጥጃ በአዊኛ ገሠጸችና ወደ እኛ በአማርኛ ዞረች።

«አያ ይሄይስ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። ወይዘሮ ማናለብሽ፣ እንዴት አደሩ?»

አሥራ አንድ ዓመት ተዋውቀው አሁንም አንቱ ይባባላሉ።

«ዛሬ ሰው ይዘዋል» አለች።

«ባለ ማሽኑ ነው።»

ማሽኑን አየችው። «መኪናዋን ሳይ ድስቱን ጥጄዋለሁ» አለች።

እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ዝም ማለት አላውቅበትም። «እህቴ፣ ተመልከቺ!» አልኳት። «እሳቸው ሃምሳ ደቂቃ ወገባቸው እስኪቆረጥ ሲለፉበት የኖሩትን ሥራ ይሄ በአሥራ አንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ሰዓት ያዢ!» ከጎማ ጎማ እየሮጥኩ ሞላሁ። የአራተኛው ጌጅ ሠላሳ አምስት ላይ ሲደርስ አጠፋሁና እጄን አራገፍኩ። «አየሽ? አሥር ከግማሽ! ከእንግዲህ ደጅሽ ላይ ቆመው የሚንገላቱበት ምክንያት የለም።» ሱቄ የት እንደሆነ ሳይቀር ነገርኳት፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ የማንኛውም መኪና ዕቃ፤ ይህን ሁሉ የምለው መኪና ለሌላት ሴት ነው።

ማንም አልሳቀም። ማናለብሽ ወደ ቤቷ ዞር ብላ የሚወጣውን ጭስ አየች። «ድንቹ ገና ነው» አለች።

ጋሽ ይሄይስ ጎማዎቹን አዩ። ሞልተዋል። ዱካዎቹን አዩ። «እንግዲህ ገበያው እንዳይረፍድ» አሉ።

«ይሂዱ፣ ይሂዱ። መንገደኛ ነዎት።»

«እሺ። ደህና ይዋሉ።»

«ደህና ይግቡ።»

ድንጋዩ ላይ ትንሽ እንደተንገጫገጭን ገባኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። «ድሮ ፓምፑን ስትሰማ ነበር ድንቹን የምትጥደው?» አልኳቸው።

«አዎ።»

«አራተኛው ጎማ ሲያልቅ ይበስላል?»

«አዎ።» ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። «በድቁስ በርበሬ ታቀርበዋለች። ዱካው ላይ ተቀምጠን እንበላለን። እሷ ስለ ጥጃዋ ትነግረኛለች፣ እኔ ስለ መንገዱ እነግራታለሁ። ሌላ ነገር የለም።» ትንሽ ነዱና ቀጠሉ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላል ሰው። እኔ በሳምንት ሃያ አንድ ጊዜ እበላለሁ፣ አድማሴ። ሃያውን ብቻዬን ነው።»

አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። የመጀመሪያው ሐሙስ ሞልተው ሲጨርሱ እሳቷ ገና አልተያያዘም ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ሐሙስ ማናለብሽ ማሽኑን ስታይ ድስቱን ጭራሽ ሳትጥደው ቀረች። «ያን ዕለት ማሽኑን እመልሰዋለሁ ብያት ነበር» አሉኝ። «ዛሬ እኔን አምና ነው የጣደችው።»

«ታዲያ ለምን አይቆዩም ነበር?» አልኩ፤ በራሴ ተናድጄ በእሳቸው ጮኽኩ። «ጎማው ቢሞላስ! ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው!»

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ማለት?»

«ጎማ የሚሞላ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ማንም ምንም አይለውም። ጎማው ሞልቶ ሳለ ባሏ የሞተባት ሴት ደጅ የሚቀመጥ ሰውስ? ነገ እሷን ነው የሚያሟት። ምን ብዬ ልቀመጥ?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ በልቤ።

በማግሥቱ ሰዎች የመለሱብኝን ትንሹን ማሽን ከላይኛው መደርደሪያ አወረድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን «አትግዛው» የምልበትን ሁሉ እንደ ሙገሳ ዘረዘርኩላቸው። «ይግላል። አንዱ ጎማ ሳይሞላ ራሱን ያጠፋል። ሩብ ሰዓት ካልበረደ አይነሣም። ጩኸቱ ደግሞ እስከ ዘንገና ይሰማል።»

ጋሽ ይሄይስ እያገላበጡ አዩት። «ወገብ አይነካም?»

«አይነካም።»

«እንግዲህ ይሄ ነው» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ማሽኑ አላሳፈረኝም፤ ልክ እንዳሰብኩት፣ በደንብ አልሠራም። ዓርብ ዓርብ በሱቄ በኩል ሲያልፉ «እንዴት ነበር?» እላቸዋለሁ። «ሦስት ጊዜ ጠፋ» ይሉኛል ደስ ብሏቸው። አንዱን ሳምንት ቆም ብለው፣ ማናለብሽ «ይህ ማሽን ምን ነክቶት ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው «ደክሞት ነው፣ ይረፍ» እንዳሏት ነገሩኝ። ይህን ለመንገር መንገድ ተሻግረው ነው የመጡት።

ከዚያ ክረምቱ በረታ፣ ጋሽ ይሄይስም ከዓይኔ ጠፉ። እውነቱን ለመናገር አልፈለግኳቸውም። ሰው ከጠፋ አንድ ቦታ ሄዶ ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማናለብሽ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ዝናብ አበስብሷታል። በእጇ በጨርቅ የተሸፈነ የቀርከሃ ቅርጫት ይዛለች።

«ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ብለኸኝ ነበር» አለች።

«አዎ እህቴ፣ ግቢ፣ ግቢ።»

አልገባችም። «ሦስት ሐሙስ መኪናዋ አልመጣችም» አለች። «ማሽኑ ተበላሸ ወይ?»

የጠየቀችው ስለ ማሽኑ ነው፤ ስለ ሰውየው አልጠየቀችም። አላውቅም ማለት አፈርኩና ስልክ ደወልኩ። ጋሽ ይሄይስ አነሡ። ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ሃያ ቀን አልፏቸዋል። ከሱቄ እስከ ክፍላቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

«ማሽኑ ደህና ነው» አልኳት። «ወገባቸውን የታመሙት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው እዚሁ ነው፣ ላድርስሽ።»

«ምን ብዬ?» አለች።

ይህን ቃል ስሰማ ሁለተኛዬ ነው። ቅርጫቱን ባንኮኒው ላይ አኖረችና ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ጥሬ ድንች ነው፤ እያንዳንዱ ከሰው ቡጢ ይበልጣል። «ቀቅለህ ስጣቸው። ይቆያል ግን፣ ታገሠው» አለች። «ትልልቁን ነው ያመጣሁት። ለሐሙስ ሁልጊዜም ትልልቁን ነው መርጬ የማስቀምጠው። ትንሹ ቶሎ ይበስላል።»

ይህን ስትል ወደ መንገዱ እንጂ ወደ እኔ አላየችም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ «ቅርጫቱን አደራ» ብላኝ ሄደች።

ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። ክፍላቸው ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ አለ፤ ግድግዳው ላይ የመኪናዋ ቁልፍ ተሰቅሏል። ጋሽ ይሄይስ ተጋድመው ከጎናቸው ስልኩ አለ፤ ቀኑ ግን እሑድ አልነበረም። ድስት ፈልጌ ድንቹን ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ጣድኩ፣ የቀረውን በቅርጫቱ አጠገባቸው አኖርኩ። ማን እንደላከው ነገርኳቸው። ያለችውንም አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው አንዱን ድንች አነሡ። በመዳፋቸው መዘኑት፣ አገላበጡት።

«ዘሩ ነበር የሚመስለኝ» አሉ።

«ምኑ?»

«ድንቹ። የዚህ አገር ድንች ዘሩ እንዲህ ትልልቅ ነው እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት በላሁ። አራተኛውን ጎማ ሆን ብዬ አዘገየው ነበር። እያታለልኳት ነው ብዬ ሐሙስ ሐሙስ አፍር ነበር።»

ድንቹን እንደያዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አለቀሱ መሰለኝ። እኔ ድስቱን የማይ መሰልኩ፤ ውሃው ገና አልፈላም ነበር።

እንዳለችው ቆየ። ለነገር ሁሉ የምቸኩለው ሰውዬ ያቺ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሲበስል ከአንድ ሰሃን አብረን በላን። ጋሽ ይሄይስ የመጨረሻውን ልጣጭ አስቀምጠው ቅርጫቱን ብዙ ጊዜ አዩት።

«የፊታችን ሐሙስ መኪናዋን አንተ ንዳልኝ» አሉኝ።

«ወገብዎስ?»

«ልቀመጥ እንጂ ልሥራ አላልኩም። የሰው ዕቃ መመለስ አለበት። ባዶውን ደግሞ አይመለስም፤ ስኳር እንይዛለን።»

«እሺ። ማሽኑስ? ትንሹን ልያዝ?»

«ማሽን ተወው» አሉ። «ፓምፑን ያዝ። ከሹፌሩ ወንበር ሥር አለ።»

«ማን ሊነፋበት?»

«አንተ ነሃ» አሉኝ። «ቀስ እያልክ።»